ሳትጠይቅ የተሰጣት አበባ

ኖላ ሃስኬት ስትቆጣ ድምጿ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። በትንሿ የስንዴ ገበሬዎች ከተማ፣ በጃራብሩክ፣ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ሟቹ ባሏ ኤርን፣ «ስትጮህ አትፍሯት፤ ስታንሾካሹክ ግን በሩ ወዴት እንደሆነ ቀድማችሁ እዩ» እያለ በሰርግም በልቅሶም ሰው ያስቅ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ የስንዴ ማሳዋን ለጎረቤት አከራይታ፣ ከጓሮዋ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል የአበባ ጠብታ እየቀመመች ትኖራለች። ስድሳ ዓመት አልፏታል፤ አጥንተ ሰፊ፣ ቀጥ ያለች፣ ፀሐይ ፊቷን እንደ ቆዳ ያለፋው ሴት ናት።

ሥራዋን እንዲህ ትሠራዋለች። ደመና በሌለበት ማለዳ ስስ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህንና ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይዛ ወደ ዱር ትወጣለች። አበባዪቱን አትቆርጣትም፤ በእጇም አትነካትም። አገዳዋን በባላ እንጨት ቀስ አድርጋ ታጎነብስና ፍካቷን ውሃው ላይ ታሳርፋታለች። ፀሐዩ ከፍ እስኪል እዚያው ትቀመጣለች፤ የማንም ጥላ፣ የራሷም ቢሆን፣ ውሃው ላይ እንዲወድቅ አትፈቅድም። ከዚያ ባላውን ታነሣለች፤ አበባዪቱ ቀና ብላ ትቆማለች፣ ውሃው ለኖላ ይቀራል። እንዳይበላሽ እኩል መጠን ብራንዲ ትጨምርበትና በጠቆረ ጠርሙስ ታኖረዋለች። ከዚህ ጥቂት ጠብታ በምላስ ሥር ወይም በብርጭቆ ውሃ ይወሰዳል፤ አንዷ አበባ ለፍርሃት፣ አንዷ ለቆየ ሐዘን፣ አንዷ ለቅናት፣ አንዷ ደግሞ የጨበጠውን መልቀቅ ላቃተው ሰው።

ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ክርክር ለተከራካሪዎቹ እንተወዋለን። የወረዳው ሐኪም «ብራንዲና ውሃ ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ጥቅሙን ግን እኔን አትጠይቁኝ» ይላል፤ ሚስቱ ግን በየወሩ ታስቀዳለች። ኖላ ከማንም ጋር ተከራክራ አታውቅም። የምታጠብቀው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ ማንም ሰው ያልጠየቀው አበባ አይሰጠውም። የመጣው ሰው የተሰማውን በገዛ አፉ መናገር አለበት። ፈራሁ ይበል፣ ቀናሁ ይበል፣ ባሌን ጠላሁት ይበል፤ የስሜቱን ስም ሳይጠራ ጠብታ የለም። መጥራት ያቃተው ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ሌላ ቀን ይመለሳል። ይህን ሕግ ከወዳጇ ከግዌንዳ ጋር ሆና ያወጣችው በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል የአበባ ማኅበራቸውን ባቋቋሙ ጊዜ ነው። ግዌንዳ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ክብ፣ ለስላሳ፣ ሰው ሲጣላ ማየት የማትችል። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ላይ ናቸው።

የኖላ ቁጣ የመጣው በነሐሴ ነበር፤ መነሻው አንድ መንገድ ነው።

ከከተማው ወደ ሰሜን የሚወጣው የድሮው ወፍጮ መንገድ ግራና ቀኙ ስንዴ ነው። አያቶች መሬቱን ሲመነጥሩ ከአጥር እስከ አጥር አራቁተውታል፤ ከጥንቱ ዱር የተረፈው በመንገዱና በምሥራቁ አጥር መካከል ያለችው ቀጭን ዳርቻ ብቻ ናት። እዚያች ዳርቻ ላይ፣ ነጭ ቅርፊት ካላቸው ዛፎች ሥር፣ በመስከረም ነጯ የሸረሪት ኦርኪድ ትወጣለች። የአበባ ቅጠሎቿ እንደ ሸረሪት እግር ቀጭንና ረጃጅም ናቸው፤ ሳያስተውል የሚያልፍ ሰው የሸረሪት ድር ነው ብሎ ያልፋታል። በወረዳው ውስጥ ሌላ ቦታ የለችም። ነቅሎ መትከልም ከንቱ ነው፤ በዚያ አፈር ውስጥ ካለ ሻጋታ ጋር ሥሯን አቆራኝታ ስለምትኖር፣ ሌላ አፈር ላይ አንድ ወቅት ፈክታ በሁለተኛው ትጠፋለች። ይህን ኖላ ከማንም ይልቅ ታውቃለች።

ምክር ቤቱ መንገዱ ይስፋ ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር። እህል የጫኑ ተሳቢዎች ሲገናኙ አንዱ ወደ ጠጠሩ መውረድ ነበረበት፤ ኖላ ራሷ አንድ ጊዜ ለጥቂት ተርፋለች። የተቃወመችው መስፋቱን ሳይሆን የሚሰፋበትን ወገን ነው። «ወደ ምዕራብ ይስፋ» አለች። «የምዕራቡ አጥር ትንሽ ወደ ውስጥ ይግባ። እዚያ ያለው ስንዴ ነው፤ ስንዴ የትም ይበቅላል።» መሐንዲሱ በሁለቱም ወገን ይቻላል ብሎ ነበር። ሆኖም የምዕራቡ ማሳ የሌስ ማኪን ነው። ሌስ የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር፣ የግዌንዳም ታላቅ ወንድም ነው። ማሳው እንዳይቆረስበት ግሬደሩ ወደ ምሥራቅ እንዲዞር ፈለገ፤ ይህንንም «ለሕዝብ ወጪ ቁጠባ» ብሎ ጠራው።

ኖላ ይህን ስትሰማ ድምጿ ወረደ።

እጅግ የሚያሳፍረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በጃራብሩክ ሰው ሁሉ ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱም ክርክርን እንደ በሽታ የሚያይ ጨዋነት ነው። ኖላ ስለ ሌስ ማሳ ስትናገር መልስ የሰጣት አልነበረም፤ ስለ ጤንነቷ ግን ሁሉም ጠየቃት። ሥጋ ቤት ስትገባ ባለ ሥጋው ቢላውን እየሳለ፣ «ኖላ፣ ዛሬ ጠብታሽን ረሳሽው እንዴ?» አላት። ሰው ሳቀ። ፖስታ ቤት ያለችው ሴት፣ «የኔ እናት፣ ለሌላው የምትሰጪውን ለራስሽም ውሰጂ እንጂ» አለቻት፤ ይህቺ ደግሞ ከልቧ ነበር፣ ስለዚህ ይበልጥ ከፋ። ትክክለኛ ነገር ይዞ ለተቆጣ ሰው መልስ ከመስጠት እሱን ማከም ይቀላል፤ ታማሚ ክርክር አያሸንፍም።

ኖላ እንዲህ ስትብከነከን ግዌንዳ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትመጣላት ጀመር። አንድ ቀን ሾርባ፣ አንድ ቀን የማርማላታ ብስኩት ይዛ ትመጣለች። ሻይ ታፈላለች፤ ስለ መንገዱ አታነሣም። ኖላ ሻይ የምትጠጣው ከበረደ በኋላ ስለሆነ ኩባያዋ ጠረጴዛው ላይ ብዙ ይቆያል። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጥቁሮቹ በቀቀኖች ዛፉ ላይ ሲጨቃጨቁ ያያሉ፤ ግዌንዳ ስለ ልጅ ልጆቿ ታወራለች።

ኖላም ቀስ በቀስ ረገበች። መጀመሪያ እንቅልፏ ተመለሰ። ቀጥሎ የሌስ መኪና ስታልፍ ጥርሷን መንከሷን ተወች። በመጨረሻ አንድ ቀን ሌስ ራሱ ስልክ ደወለና እንደ ቅቤ በለሰለሰ አንደበት፣ «ኖላ፣ የድሮ ጎረቤት ነን እኮ። አበባዎቹን በጥንቃቄ አስነቅለን ምክር ቤቱ በር ላይ ባለው መደብ እናስተክላቸዋለን። ስምሽንም እንጽፍበታለን። ምን ትያለሽ?» አላት። እሷም፣ «እሺ፣ ሌስ። ሰላም ይሻላል» አለችው።

ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ እጇን አየች። የተናገረችው ያልገባት ያህል ነበር። ተነቅላ እንደማትጸድቅ የምታውቅ ሴት፣ ይነቀል አለች። ቢሆንም ልቧ ውስጥ የተቃወመ ነገር አላገኘችም፤ እንደ ረጋ ኩሬ ነበር። «እንግዲህ አረጀሁ» ብላ ነገሩን ተወችው።

ስብሰባው የዋለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በወረዳው አዳራሽ ነው። ኖላ ለመናገር ቀደም ብላ ተመዝግባ ስለነበር ስሟን አላሰረዘችም፤ ቆማ መስማማቷን ተናግራ ልትቀመጥ አስባለች። አዳራሹ ገበሬ ሞልቶበታል፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስለ ዝናብ ያወራሉ። ግዌንዳ ከአዳራሹ ጎን ባለው ወጥ ቤት ሻይ ከሚያሰናዱት ሴቶች ጋር ነበረች። ኖላን ስታይ ጠራቻት፤ ሌሎቹ ሴቶች ኩባያውን ይዘው ሲወጡ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ነይ፣ ውሃ ጠጪ። ስትናገሪ ጉሮሮሽ ይደርቃል» አለች ግዌንዳ፣ ብርጭቆ እያቀበለቻት።

ኖላ ብርጭቆውን ወደ አፏ አስጠግታ ቆመች። ከባሏ ሞት ወዲህ በቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ ብራንዲ ስትለካ የኖረች ሴት ናት። ሌላው ሰው በበርሜል ውስጥ የማያሸተውን እሷ በጠብታ ታውቀዋለች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነዋ።»

«ግዌንዳ።»

«ውሃ ነው አልኩሽ እኮ! አሁን ከቧንቧው ነው የቀዳሁት።»

«የወረዳው ቧንቧ ብራንዲ ማፍሰስ የጀመረው መቼ ነው?»

ግዌንዳ ፎጣ አንሥታ የደረቀ ሳህን ማድረቅ ጀመረች።

«አስቀምጪው ሳህኑን» አለች ኖላ። ድምጿ ወርዷል። «የዛሬው ብቻ ነው ወይስ ቤቴም?»

«ኖላዬ፣ እኔ...»

«ሾርባው ውስጥ?»

«ኧረ ሾርባ ውስጥማ አይሆንም፣ ይፈላል እኮ!» አለች ግዌንዳ፣ ስለ ሙያዋ የተጠረጠረች ያህል ደንግጣ። ከአፏ እንደወጣ ግን ምን እንዳለች ገባት። «ሻይሽ ውስጥ» አለች ቀስ ብላ። «ሲበርድ። ቅጠሉ ሽታውን ይሸፍነዋል።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ኖላ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ እንዳይፈስ ተጠንቅቃ። «የትኛዋን?»

ግዌንዳ ወደ ፎጣው አቀረቀረች።

«የትኛዋን አበባ ነው የሰጠሽኝ ግዌንዳ? እኔ ቀምሜ መደርደሪያሽ ላይ ካስቀመጥኩልሽ ውስጥ የትኛዋን አነሣሽ?»

«ነጯን» አለች ግዌንዳ። «የወፍጮ መንገዷን። የጨበጡትን ለመልቀቅ... አንቺ ራስሽ ነሽ እኮ ያስተማርሽኝ። ለዚህ ነው የምትሆነው ብለሽ።»

ከአዳራሹ የወንበር መጎተት ድምፅ ተሰማ። ኖላ መስኮቱን ይዛ ቆመች። ያቺን ጠርሙስ የሞላችበት ጠዋት ትዝ አላት፤ ሁለቱም ዳርቻዋ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ጥላቸው እንዳይወድቅ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ፣ ግዌንዳ ጉንዳን ነክሷት ሳቋን ስታፍን። አሁን ከዚያች አበባ የተወሰደው ውሃ፣ ያቺን አበባ የሚጠብቃትን ብቸኛ ሰው አፍ ለማዘጋት ገብቷል። ኖላ በሕይወቷ ብዙ ውርደት አይታለች፤ እንዲህ በገዛ እጇ የተቀመመ ግን አልነበረም።

«ለእኔ ብለሽ ነው ለወንድምሽ?»

«ለአንቺ! እግዜር ያውቃል ለአንቺ!» የግዌንዳ ዓይን እንባ ሞላ። «አምና ወጥ ቤትሽ ወለል ላይ ወድቀሽ ያገኘሁሽ እኔ ነኝ። ከኤርን ወንድም ጋር በውርሱ ስትነታረኪ የደም ግፊትሽ ወጥቶ፣ ፊትሽ ዐመድ መስሎ። ዘንድሮም እንዲያ ስትሆኚ አየሁ። ቆሜ ልይ? ነርስ ነኝ እኮ፣ ቆሜ ልይ?»

«ሌስስ? ስልክ እንዲደውልልኝ ያን ቀን ማን ነገረው?»

ግዌንዳ ፎጣውን አጣጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው። «ለሁለታችሁም ይበጃል ብዬ ነው» አለች። «ሻል ብሏታል፣ አሁን ብታናግራት ትሰማሃለች አልኩት። ምን ጥፋት አለው? የምኖረው ከሁለታችሁ ጋር ነው። አንቺ በግራ ስትጮሂ እሱ በቀኝ ሲጮህ እኔ የት ልግባ?»

«እኔ አልጮህኩም። ጮኼ አላውቅም።» ኖላ ቀረበቻት። «ስሚኝ፣ ግዌንዳ። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ይሠራል ብለሽ ታምኛለሽ?»

«ምኑ?»

«ጠብታው። ለእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለሰው የሰጠነው። ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«ይሠራል እንጂ። ምን ማለትሽ ነው?»

«እንግዲያው ቁጣዬን ሰረቅሽኝ። የራሴ ነበር፤ ምክንያት ነበረው፤ ሥራም ነበረበት። ከኪሴ ገንዘብ ብትወስጂ ይሻልሽ ነበር። አይሠራም ብትዪኝ ደግሞ ሁለታችን አጭበርባሪዎች ነን፤ ማኅበራችንን ዘግተን ሕዝቡን ይቅርታ እንለምን። ሁለቱ መካከል መቆሚያ የለሽም። የለኝምም።»

በሩ ላይ አንድ ሰው ብቅ ብሎ፣ «ኖላ፣ ተራሽ ደረሰ» አለና ፊታቸውን አይቶ ፈጥኖ ተመለሰ።

አዳራሹን አቋርጣ ስትሄድ ኖላን ያስጨነቃት ሌስ አልነበረም፤ ግዌንዳም አልነበረችም። ያስጨነቃት «እሺ» ያለችው ቃል ነው። ያ ቃል የማን ነበር? ደክሟት፣ አርጅታ፣ ሰላም ወዳ የተናገረችው ከሆነ የራሷ ነው፤ ሰው ለቃሉ ይቆማል። ከኩባያው የመጣ ከሆነ ግን የማንም አይደለም። ይህን የሚለይላት ዳኛ በዓለም ላይ እንደሌለ ታውቃለች። ቁጣዋ ብርጭቆውን ባሸተተች ቅጽበት ተመልሷል፤ ግን ይህም ቢሆን ስለ ግዌንዳ የመጣ አዲስ ቁጣ ይሁን ስለ አበባዋ የነበረው የድሮው፣ መለየት አልቻለችም። በዚያች አጭር መንገድ ላይ አንድ ነገር ወሰነች፤ የማይታወቀውን ለመፈለግ አትባክንም፣ የሚታወቀውን ይዛ ትናገራለች። ነጯ አበባ ተነቅላ አትጸድቅም። ይህ ተቆጣችም ረጋችም እውነት ነው።

ሌስ ከመድረኩ ላይ ፈገግ ብሎ ተቀበላት። ቤቷ መጥቶ ቢሆን «አንቺ» ይላት ነበር፤ እዚህ ግን በመዝገብ የሚጻፍ ንግግር ነው።

«ወይዘሮ ሃስኬት፣ እንኳን መጡ። ባለፈው ሳምንት በስልክ እንደተስማማነው፣ ጥቂት የመልካም ፈቃድ ቃል ቢናገሩልን...»

«ተስማምቼ ነበር» አለች ኖላ። «ዛሬ ቃሌን አንሥቻለሁ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ሌስ እጁን ዘርግቶ እንደ ተጎዳ ሰው ሕዝቡን አየ። «አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ! ይቅርታ ያድርጉልኝና ወይዘሮ ሃስኬት፣ ዛሬ የወሰዱት ጠብታ የትኛው ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ባለ ሥጋው ጭኑን መታ። ግዌንዳ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ፎጣውን አፏ ላይ ይዛለች፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል። ኖላ ዞር ብላ አየቻት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ «እህትህን ጠይቃት» ብትል ሳቁ ወደ ሌላ ዞሮ የማኪን ቤት ለዘለዓለሙ መቀለጃ ይሆን ነበር። ኖላ ዓይኗን መለሰች።

«ዛሬ ምንም አልወሰድኩም፣ ሌስ» አለች። «ለዚህ ነው ልክ ልክህን የምትሰማው።»

ሳቁ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። ድምጿ እጅግ ወርዶ ስለነበር የኋላ ወንበሮች ላይ ያሉት ወደ ፊት አጎነበሱ።

«የምጠይቀው ጥቂት ነው፤ ጸሐፊው ይጻፈው። መሐንዲሱ በሁለቱም ወገን ይሰፋል አላለም?»

መሐንዲሱ ከጥግ ሆኖ፣ «ብያለሁ» አለ።

«በምሥራቅ ያለው ምንድን ነው? በወረዳው ሌላ ቦታ የሌለች አበባ። በምዕራብ ያለውስ? ስንዴ። አበባዪቱን ነቅለን መደብ ላይ እንተክላታለን ላላችሁ፣ የሞተች አበባ ላይ ስሜን አልፈልግም። እንግዲህ የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። የምዕራቡ ማሳ የማን ነው?»

ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማንም አልመለሰም። የዚህ ከተማ ጨዋነት ይህ ነው፤ ሁሉ የሚያውቀውን ማንም አይናገርም፤ የተናገረው ሰው ባለጌ ይባላል፤ ባለማሳው ግን በወንበሩ ይቆያል።

«ንገረን ሌስ» አለች ኖላ። «የማን ነው?»

«ይኼ የግል ጉዳይ ነው» አለ ሌስ፣ አንገቱ እየቀላ። «ይኼ ሰፈር ተዋዶ የሚኖር ሰፈር ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ለምደን አናውቅም።»

ምክትል ሊቀ መንበሯ ሸርሊ ዶድ መነጽሯን አወለቀች። የእንስሳት መኖ ሱቅ ያላት፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። «ሌስ» አለችው፣ «ማሳው ያንተ ከሆነ ጥቅም አለብህ። ጥቅም ያለው ሰው በጉዳዩ ላይ አይቀመጥም። ውጣ።»

«ሸርሊ!»

«እኔ አይደለሁም፣ ሕጉ ነው። ውጣና ሻይ ጠጣ። ስንጨርስ እንጠራሃለን።»

ሌስ ግራና ቀኙን አየ፤ ከጎኑ የተቀመጡት የምክር ቤት አባላት ወረቀታቸውን ያገላብጣሉ። ተነሣ። በኖላ አጠገብ ሲያልፍ፣ አሁን መዝገብ በማይሰማው ድምፅ፣ «አንቺ እኮ ሴት አይደለሽም፣ እሾህ ነሽ» አላት።

«ማሳህን በእሾህ ሽቦ አጥረህ ስትኖር እሾህ ጠልተህ አታውቅም» አለችው።

ድምፅ ሲሰጥ መንገዱ ወደ ምዕራብ እንዲሰፋ የወሰኑት በለጡ፤ ለማሳው ተገቢው ካሳ ይከፈል ተባለ። ማንም አላጨበጨበም። ገበሬዎቹ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ሻዩ ሄዱ፤ ሻዩ ጋ ያለው ወሬ ዳግመኛ ስለ ዝናብ ሆነ። አንድ ሁለቱ ኖላን ሲያልፉ ራሳቸውን ነቀነቁላት፤ ሌሎቹ ግን አጥር ዘልላ እንደወጣች ላም ራቅ ብለው ዞሯት። አሸንፋለች፤ ያሸነፈች ግን አልመሰላትም። ቁጣዋ ከውሳኔው ጋር አልወጣላትም፤ የተረፈው ቁጣ ባለቤት ነበረው።

ግዌንዳ መኪና ማቆሚያው ላይ ደረሰችባት። ሮጣ ስለነበር ትንፋሿ ያጥራታል፤ ሽርጧንም አልፈታችም።

«አልነገርሽም» አለች። «ልትነግሪ ትችዪ ነበር፣ አልነገርሽም።»

«ያንቺን ጉዳይ ለወንድምሽ መዶሻ ላደርገው አልፈለግኩም።»

«እንግዲህ ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው።»

«አላልኩሽም።»

ግዌንዳ የመኪናውን በር ያዘች። «ኖላ፣ እባክሽ። እንዲህ ሆነን ቤታችን አንግባ። ምን ላድርግ? ከነገ ጀምሮ አትምጪ ካልሽኝ እቀራለሁ፤ ማኅበሩን ልቀቂ ካልሽኝ እለቃለሁ። ብቻ እንዲህ አትሁኚብኝ። ደግሞ ልብሽ...» ብላ አቆመች፤ ኖላ ዓይኗን ስታነሣ አይታለች።

«ልቤ ደህና ነው» አለች ኖላ። «ደክሞት ከሆነም የእኔ ልብ ነው። ምን ላድርግ ነው ያልሽኝ? ምንም። ምንም አታድርጊ። ተቆጥቻለሁ፣ ግዌንዳ። አንቺን ነው። ይህን በአፌ ተናገርኩ፤ ስሙን ጠራሁ፤ መድኃኒት ግን አልጠየቅኩም። ይህ ቁጣ የሚያልቅ ከሆነ በራሱ ጊዜ ያልቃል። ሲያልቅ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ሾርባም፣ ብስኩትም ይዘሽ በሬ ላይ እንዳላይሽ።»

«ባያልቅስ?»

ኖላ አሰበች፤ የማታውቀውን ቃል መስጠት ልማዷ አይደለም።

«አላውቅም» አለች፤ መኪናዋንም አስነሣች።

በኅዳር የምዕራቡ አጥር ወደ ውስጥ ገባ፤ ሌስ ሠራተኞቹን ቆሞ ሲያይ ዋለ እንጂ ቃል አልተናገረም። ማኅበሩ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል መሰብሰቡን አላቆመም፤ ሁለቱ ግን በየተራ ይመጣሉ፤ ግዌንዳ ያለችበት ቀን ኖላ የለችም። አዲስ ሰው ሲመጣ ኖላ እንደ ወትሮው የተሰማውን በገዛ አፉ እስኪናገር ትጠብቃለች። አንዲት ወጣት ሚስት ባሏ የእናቷን ቤት ሳያማክራት እንደሸጠው ነግራት፣ ቁጣዬን የሚያበርድ አበባ ስጪኝ ብላ ለመነቻት። ኖላ ሻይ ቀዳችላት፤ «አበባው አለ» አለቻት፤ «መጀመሪያ ግን ቤትሽ ገብተሽ ለእሱ ንገሪው። ከነገርሽው በኋላ ቁጣ ከተረፈሽ ተመልሰሽ ነይ።»

አዝመራው ገብቶ አልቋል። የግዌንዳ ቤት ኖላ ወደ ከተማ በምትሄድበት መንገድ ላይ ነው፤ በየሳምንቱ ታልፈዋለች፣ ስታልፍም ፍጥነቷን አትቀንስም። እስከዛሬ አልገባችም።